የሬጀንት መንገድ ግዙፍ ሐውልቶች

በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ክፍለ ሀገር፥ ከግላድስቶን አቅራቢያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ እስከ ሬጀንት በሚዘልቀው 52 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዳር፥ ከውዳቂ ብረት የተሠሩ እጅግ ግዙፍ ሐውልቶች በየርቀታቸው ቆመው ይታያሉ። መንገዱ «ኤንቻንትድ ሃይዌይ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «አፍዝ አደንግዝ ያለበት ጎዳና» እንደ ማለት ነው። ሐውልቶቹም ዝይ፥ አጋዘን፥ ፌንጣ፥ ዓሣ፥ የዱር ወፍ፥ ፈረሰኛና አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ናቸው። የሥነ ጥበብ ሐያሲ እነዚህን የመንገደኛ መሳቂያ ናቸው ብሎ ለማለፍ፥ የባሕል ተመራማሪውም የአንድ ሰው ፈጠራ እንጂ የሕዝብ ባሕል አይደሉም ብሎ ለመተው ይቀለዋል። ሁለቱም ግን የችኮላ ፍርድ ነው፤ ሥራው በትክክል የሚመዘነው ሐውልቶቹን ከመንገዱ፥ መንገዱንም ከመንደሩ ሳይነጥሉ የተመለከቱት እንደ ሆነ ነውና።

ሠሪው ሚስተር ጌሪ ግሬፍ ይባላሉ። ሥራቸው ማስተማርና ትምህርት ቤት መምራት ነበር እንጂ ቀራፂም በያጅም አልነበሩም። ሬጀንት በሜዳው ላይ እንዳሉት ብዙ የገበሬ መንደሮች እርሻው በመኪና ኀይል እየሰፋ፥ የሠራተኛውም ቁጥር እያነሰ ሲሄድ ልጆቿ የተሰደዱባት መንደር ናት፤ በ2010ና በ2020 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በተደረጉት የሕዝብ ቈጠራዎች ነዋሪዎቿ 200 አልሞሉም። ቁጥር 94 የሚባለው ታላቅ አውራ ጎዳና ከመንደሯ በስተ ሰሜን ርቆ ያልፋል፤ በእርሱ ላይ የሚከንፈው መንገደኛም ወደ ደቡብ የሚታጠፍበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም። ሚስተር ግሬፍ በ1989 ይህን ምክንያት ከብረት ሊሠሩለት ተነሡ፤ ብየዳውንም እየሠሩ ተማሩት።

መንገዱን ለመረዳት ብቻውን የሚነዳውን መንገደኛ ማሰብ ይጠቅማል። ከጓደኛ ጋራ የሚሄድ ሰው ይሥቃል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ያልፋል። ብቻውን የሄደ ግን ከአንዱ ሐውልት እስከ ሌላው ድረስ ካለው ባዶ ሜዳ ጋራ መነጋገር ግድ ይሆንበታል። በርና ዘበኛ የለም፤ ምን ሊሰማው እንደሚገባ የሚነግረው አስጐብኚም የለም። የስንዴው ማሳ፥ ሣሩና ሰማዩ ብቻ ለብዙ ደቂቃ ይቀጥላሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዳች ነገር ከአድማስ ላይ ብቅ ይላል። በመጀመሪያ ነጥብ ነው፤ ቀጥሎ ጥላ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት የብረት ፌንጣ ሆኖ ይገኛል። በቤተ መዘክር ውስጥ ተመልካቹ ቆሞ ሥራው ይቀርብለታል፤ በዚህ ግን ሥራው ቆሞ ይጠብቀዋል፥ ርቀቱም ራሱ የሥራው ክፍል ነው። ስለዚህ የሐውልቶቹ ትልቅነት ከትዕቢት የመነጨ ብቻ አይደለም። ያን ያህል በሰፋ ሜዳ ላይ በሰው ቁመት ልክ የተሠራ ምስል ቢቆም ከአጥር ችካል አይለይም ነበር።

ሁሉም ግን እኩል የተዋጣላቸው አይደሉም። በአውራ ጎዳናው መታጠፊያ ላይ የሚገኘው በ2001 የቆመው የዝዮች ሐውልት ከሁሉ ይልቃል። ቁመቱ ከ33 ሜትር፥ ክብደቱም ከ70 ሺህ ኪሎ በላይ ሲሆን፥ ከውዳቂ ብረት ከተሠሩት ሐውልቶች ሁሉ በትልቅነት የዓለም አንደኛ ተብሎ በ2002 በጊነስ መዝገብ ተጽፏል። ዋጋው ግን በመዝገቡ አይደለም። ሠሪው ዝዮቹን በዐይን ቅርጽ በተሠራ ክፍት ቀለበት ውስጥ አበረሯቸው፤ በቀለበቱም ውስጥ የሚታየው እውነተኛው ሰማይ ነው። ደመናው በተለወጠ ቁጥር ሥዕሉ ይለወጣል። በዚህ ሥራ ባዶነት የብረትን ያህል አገልግሏል።

በ1999 የተፈጸሙት ፌንጦች በውበት ከዝዮቹ ቢያንሱም በትርጉም ይጠልቃሉ። ከእነርሱ ዋናው 12 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ፌንጣ በዚያ አገር ተራ ነፍሳት አይደለም፤ በ1930ዎቹ ድርቅ ዘመን የገበሬውን ሰብል የበላ ጠላት ነበር። ሕዝብ ለጀግናው ሐውልት ማቆሙ የተለመደ ነው፤ ያስራበውን ጠላት በልጆቹ ዘመን አግዝፎ ማቆሙ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሐውልት ፊት የሚሥቅ መንገደኛ የሚሥቀው አያቶች ባለቀሱበት ነገር መሆኑን አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይረዳል።

በአንጻሩ ለቴዎዶር ሩዝቬልት የተሠራው ፈረሰኛ ደካማ ነው። ሩዝቬልት በ1883 ጎሽ ለማደን ወደ ዳኮታ መምጣታቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከነዳጅ ጉድጓድ ቧንቧ የታጠፈው ምስል የሰውየውን ታሪክ ለሚያውቅ ብቻ ይናገራል። አጋዘኑም አጥር ሲዘል ቢታይ ከመንገድ ምልክት ላይ ተነሥቶ ያደገ ይመስላል እንጂ ማደጉ የጨመረለት ትርጉም የለም። እነዚህ ሁለቱ ትልቅነት ብቻውን ጥበብ እንደማይሆን ያስረዳሉ።

ከሰሜን የመጣው መንገደኛ ወደ ሬጀንት በቀረበ መጠን በጥቅሉ ወደ ሠሪው የመጀመሪያ ሥራዎች ይመለሳል። በመጨረሻ የሚያገኘው በ1991 የቆመውን የቆርቆሮ ቤተ ሰብ ነው፤ አባት፥ እናትና ልጅ። አባቱ 14 ሜትር ያህል ይረዝማል። አካላቸው የገበሬ ማጠራቀሚያ ጋን፥ የእናቲቱም ጠጕር ባለ እሾህ ሽቦ ነው። የእጁ ሥራ ገና ያልተገራ መሆኑ ይታያል፤ ነገር ግን እርሻው የጣለው ዕቃ የገበሬውን መልክ ይዞ ተነሥቷል። ሰዎቹ ከሄዱባት መንደር መግቢያ ላይ የማይሄድ ቤተ ሰብ መቆሙ የመንገዱን ሁሉ ሐሳብ በአንድ ቦታ ይሰበስባል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ይኸውም መንገደኛን ለመሳብ የተሠራ ነገር ማጥመጃ እንጂ ጥበብ አይደለም የሚል ነው። ነገር ግን ደወልም ሰው ለመጥራት ይሠራል፤ ለመጥራት መሠራቱ ድምፁን አያሳንሰውም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ብረት ይዝጋል፥ ቀለም ይለቃል፥ የሜዳው ነፋስም አያርፍም። አንድ ሰው ያቆመውን ከእርሱ በኋላ ማን ያድሰዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከዚያው አገር አንድ ምሳሌ ይገኛል። ሳይመን ሮዲያ የተባሉ ጣልያናዊ ስደተኛ በሎስ አንጀለስ በዋትስ ሰፈር ከ1921 እስከ 1954 ብቻቸውን ማማዎችን ሠርተው በ1955 ትተዋቸው ሄዱ። የከተማው ሹማምንት ማማዎቹ እንዲፈርሱ አዘዙ፤ ወዳጆች ተሰብስበው ተከራከሩ፤ በ1959 በተደረገው ፈተናም 10,000 ፓውንድ ኀይል ቢስባቸው አልወደቁም። በ1990 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኑ። ማማዎቹን የሠሩ አንድ ሰው ናቸው፤ የሕዝብ ያደረጓቸው ግን የተከራከሩላቸውና የጠገኗቸው ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ የአንድ ሰው ፈጠራ ባሕል የሚሆነው ዕድሜ ስለ ቈጠረ ወይም ተመልካች ስለ በዛለት ሳይሆን፥ ያልሠራው እጅ ሊጠግነው የተነሣ ጊዜ ነው። የሬጀንትም ሐውልቶች በመዝገብ ከተጻፈው ቁመታቸው ይልቅ በዚህ ይመዘናሉ። ዝዮቹና ፌንጦቹ ሊጠገኑ የሚገባቸው መሆናቸውን በሥራቸው አስመስክረዋል፤ የቀረው መሰላሉን ተሸክሞ ወደ እነርሱ የሚወጣው ሰው ነው።