ኮልቺሲን በልብ ሕሙማን መድኃኒት ላይ ሲጨመር፤ ጥናቱ ከወለቃ ሲታይ

ለሪህ ሕመም ሲታዘዝ የኖረው ኮልቺሲን፣ የተረጋጋ የልብ ደም ቧንቧ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ተጨማሪ መድኃኒት ሆኖ መቅረቡ በዋነኛነት እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው የሎዶኮ 2 ጥናት ምክንያት ነው። በአውስትራሊያና በኔዘርላንድስ 5,522 ሕሙማን ተሳትፈውበታል። በቀን 0.5 ሚሊግራም ከወሰዱት መካከል 6.8 በመቶው፣ ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 9.6 በመቶው በልብና ደም ሥር ሕመም ለሞት፣ ለድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት፣ በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ ወይም ለቧንቧ ማስከፈቻ ሕክምና ተዳርገዋል።

ልዩነቱ አይናቅም። ዳሩ ግን ጥናቱ ሕሙማኑን ከማከፋፈሉ በፊት መድኃኒቱን ለአንድ ወር ያህል ለሁሉም ሰጥቶ፣ ያልተስማማቸውን አሰናብቷል፤ በአብዛኛውም ሆዳቸውን ያወካቸው ነበሩ። ስለዚህ ውጤቱ የሚናገረው መድኃኒቱን ስለቻሉት ሰዎች ነው። በማናቸውም ምክንያት የሞቱት በኮልቺሲኑ ወገን 73፣ በሌላው 60 ናቸው። ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ዕድሜ ያራዝማል ለማለት አያስደፍርም።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው ወለቃ ሸክላ በመሥራት የምትተዳደር፣ ደረቷን የሚያማት እናት ወደ ክፍላችን መጣች እንበል። በጥናቱ ውስጥ ሴቶች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተሳታፊዎቹም ከ90 በመቶ በላይ ስታቲን ይወስዱ ነበር። እርሷ ግን አስፒሪኑንም ስታቲኑንም ሲያልቅባት የምትተው ከሆነ፣ ኮልቺሲን የሚጨመረው በምን ላይ ነው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአገራችን የጨጓራ ባክቴሪያን ለማጥፋት ክላሪትሮማይሲን በብዛት ይታዘዛል። ይህ መድኃኒት ኮልቺሲን ከሰውነት እንዳይወገድ ስለሚያግድ መጠኑን በደም ውስጥ ያንረዋል፤ በተለይ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ለሞት ያበቃ መመረዝ ተመዝግቧል። ለደረት ሕመም የሚሰጠው ቬራፓሚልም መጠኑን ይጨምራል። ጥናቱ ኩላሊታቸው በጽኑ የተጎዳውን አላስገባም፤ እኛ ግን ክሬያቲኒን ሳይለካ ማዘዝ ይቀናናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮምፓስ ጥናት በአስፒሪን ላይ ሪቫሮክሳባን 2.5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ መጨመርን ደግፏል። ከባድ መድማት ግን ከ1.9 ወደ 3.1 በመቶ ከፍ ብሏል። ደም ለመስጠት ሩቅ መላክ ግድ በሚሆንበት ጤና ጣቢያ ይህ ቁጥር ከወረቀቱ ይልቅ ይከብዳል። ኮልቺሲን በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ካርዱ ላይ ግን የኩላሊቱ ውጤትና «ክላሪትሮማይሲን አይሰጥ» የሚል ጽሑፍ አብረው ሊሰፍሩ ይገባል።