ባንክ የሚወደው ቤት

በደቡብ ጎንደር፣ ነፋስ መውጫ ላይ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር ባለ ሁለት ፎቅ የብሎኬት ቤት ቆሟል እንበል። ከጀርባው ደግሞ በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራ ባለ አራት ክፍል ሰርቪስ አለ፤ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። እኔ ለብድር መያዣ ልገምት ስመጣ ሜትሬን የምዘረጋው በፎቁ ላይ ነው። ሰርቪሱን በአንድ መስመር እጽፈውና አልፋለሁ። የቤተሰቡን የወር አስቤዛ የሚሸፍነው ግን ብዙ ጊዜ ያ ባንድ መስመር ያለፍኩት ቤት ነው። በቤት ገንዘብ መሥራት የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። የቤት ግምት ሌላ ነው፣ የቤት ገቢ ሌላ ነው።

የእኛ የገማቾች ሥራ በአብዛኛው እንዲህ ይሄዳል፤ ስፋቱን ትለካለህ፣ መሠረቱን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ማጠናቀቂያውን በደረጃ ትመድባለህ፣ ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጃል ብለህ ታሰላለህ፣ ዕርጅናውን ትቀንሳለህ፣ በመጨረሻ የአካባቢውን ደረጃ ትጨምርበታለህ። ኪራዩን እምብዛም አንጠይቅም። ባንኩ አያስፈልገውማ! ተበዳሪው ካልከፈለ ቤቱ በጨረታ ይሸጥ እንደሆነ ነው ማወቅ የሚፈልገው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ ለተበዳሪው ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን እንዲሸጡ ስለፈቀደላቸው ይህ ጥያቄ ለእነሱ በቂ ነው። ለባለቤቱ ግን አይበቃም። ሰዉ የእኔን የግምት ወረቀት ይዞ «ቤቴ አራት ሚሊዮን አወጣ» ሲል እሰማለሁ። እኔ የጻፍኩት ቢፈርስ መልሶ ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ እንጂ ስንት እንደሚያመጣ አይደለም።

የሚያመጣውን እናስላ። አሃዙ ለምሳሌ ያህል የወሰድኩት ነው፤ አንባቢ የራሱን ይተካ። አራት ሚሊዮን ብር የፈጀ ቤት በወር ሃያ ሺህ ይከራያል እንበል። በዓመት 240,000 ብር ነው። አንድ ወር ባዶ ቢያድር 220,000 ይቀራል። ከዚህ ላይ ግብሩ፣ ቀለሙ፣ የተሰበረው ቧንቧ፣ ጥበቃው 50,000 ቢወስድ ለኪስ የሚተርፈው 170,000 ነው። ይህ ካወጣኸው ገንዘብ አራት ከሩብ በመቶ ብቻ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ገንዘቡ ያለ ብሎኬት፣ ያለ ተከራይ ጭቅጭቅ ባንክ ቢቀመጥ የተሻለ ያመጣ ነበር። ግማሹን በብድር ካደረግኸው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሁለት ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ የመጀመሪያው ዓመት ወለዱ ብቻ 360,000 ነው። ኪራዩ ወለዱን አልሸፈነም፤ ዋናው ገና አልተነካም። ጎዶሎው በየዓመቱ ከሱቁ ወይም ባሕር ማዶ ካለው ልጅ ይመጣል ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይሠራል? ዋጋው ስለሚጨምር ነው። ይህንን አላቃልለውም። የብር ዋጋ ሲወርድ ሲሚንቶና ብረት ያለው ሰው አልከሰረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት ያለቀ ቤት የነበረው ሰው እጁን አጣጥፎ ሳለ ተጠቀመ። ሆኖም ዋጋ ጨመረ የሚባለው ገዥ ሲገኝ ነው። እንደ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ባለ ትንሽ ከተማ ሚሊዮኖችን ባንዴ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው በየሳምንቱ አይመጣም።

አሁን ወደ ሰርቪሱ። አራት የጭቃ ክፍል በ400,000 ብር ተሠራ፣ እያንዳንዱ በሁለት ሺህ ተከራየ ብንል በዓመት 96,000 ብር ነው። ለምርጊቱ፣ ለቆርቆሮው፣ ለባዶ ወራቱ ሲሶውን ብትጥልለት እንኳ 64,000 ይቀራል፤ 16 በመቶ ማለት ነው። ተከራዮቹንም እናውቃቸዋለን። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ከገጠር ቀበሌ ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመጡ፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንድ ክፍል የሚይዙ ተማሪዎች ናቸው። አዲስ የተመደበ መምህር፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ አለ። እነዚህ ሰዎች ትልቅ ሳሎን አይፈልጉም፤ ደመወዛቸውም አይችለውም። የአነስተኛ ከተማ ኪራይ ጣሪያው የመምህር ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በላይ የተሠራ ቤት የሚጠብቀው ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት እንዲከራየው ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የጭቃ ቤት ጠላት አለው። በቆላማው ስማዳ ምስጥ ማገሩን ይበላዋል፤ በጉና ተራራ ግርጌ ደግሞ ክረምቱ ምርጊቱን ያጥበዋል። ስለዚህ 16ቱ በመቶ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከፊሉ የቤቱ ዕድሜ ነው፤ ቤቱ ራሱን እየበላ የሚከፍልህ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ሳታስቀምጥ ሁሉንም ከበላኸው ከዓመታት በኋላ ኪራዩም ቤቱም የለም። ያም ሆኖ ባንክ የሚወደው ቤት ኪራይ አያመጣም፣ ኪራይ የሚያመጣውን ባንክ አይወደውም የሚለው ነገር በእኛ አገር ከተሞች እውነት ነው። ሠሪው ሁለቱን ሊያስታርቅ ይገባዋል። በእኔ እምነት ጥሩው መንገድ በራስ ገንዘብ የሚከራየውን ቀድሞ መሥራት፣ የመንገዱን ፊት ግን ለነገ በደንብ መሠረት አስጥሎ ማቆየት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ጊዜ ገደብ ካስቀመጠ ግን ይህ ምክር አይሠራም።

የኪራይና የወለድ ዝምድና ለእኛ አካባቢ፣ ለጋይንትና ለእስቴ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ወለድ አገድን ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስፍራ ሰጥቶታል። ገንዘብ ያለው ያበድራል፣ ወለድ አይቀበልም፣ በወለዱ ፈንታ በመሬቱ ወይም በቤቱ ይጠቀማል፣ ዋናው ሲመለስለት ይለቃል። አርብ ገበያ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ባንኩስ ስንት አለው?» ብለው ጠይቀውኝ ስነግራቸው «ሦስት መቶ ሺህ ሰጥቶ የሚገባበት ሰው አለ፤ እሱ ይሻለኛል» አሉኝ። አብረን አሰላነው። ቤቱ በወር ሦስት ሺህ ይከራያል፤ ስለዚህ የሚከፍሉት ወለድ 12 በመቶ ነበር። ከባንኩ ይረክሳል። ከዚያም በላይ የሚመልሱት ያንኑ ሦስት መቶ ሺህ ነው፤ ብሩ ሲረክስ የሚጎዳው አበዳሪው ነው። እንዲህ ያለውን ስሌት በቃል የሚሠሩ ሰው ፊት ስለ ፋይናንስ ማስተማር ያሳፍራል። እኔ የጨመርኩላቸው ነገር ቢኖር ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ብቻ ነው።

ስጋትን ማስላት ግን ከባድ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ስላደረገ ሁለተኛ ቤት መሥራት እስከ ዛሬ የሚያስፈራቸው አረጋውያን አሉ፤ አልፈርድባቸውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲገባ ደግሞ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘረፈ፤ ተራ የእሳት ኢንሹራንስ የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የሹፌሮች አልጋ ቤት ባዶ ያድራል። በስሌቴ ላይ ባዶ ወር አንድ ብቻ አድርጌ ነበር። እዚህ ለሚሠራ ሰው ሦስት ቢያደርገው አላበዛም።

የመጨረሻው ትምህርት ወረቀት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚሁ ነው። በሊዝ አዋጁ (721/2004) ለመኖሪያ የተደነገገው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ 70 ነው። በአዋጁ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላ ዋጋው ከ10 በመቶ አያንስም፤ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። ሻጭ «ሊዙ አላለቀም» ሲል ቀሪው ዕዳ ከቤቱ ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት፤ ገዥው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ቢተላለፍ ደግሞ ይኸው አዋጅ ለሻጩ የተወለት የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመሬቱ የማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። በከተማ ዳር የገበሬ ማሳ በስጦታ ስም ተሸጦ የሚሠራው የጨረቃ ቤት ከሁሉ ይረክሳል፤ እኔ ግን ገምትልን ብትሉኝ ዜሮ ነው የምጽፈው። ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ወስዳችሁ ከማኅደሩ ጋር አስተያዩ፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት በደብዳቤ ተቀበሉ፤ ይህ ሳይሆን ለማንም፣ ለዘመድም ቢሆን፣ ቀብድ አትክፈሉ።