«ዜሮ» ስለ ተባለው ሬዚስታንስ የቀረበ ትችት

በ2002 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ማኒና ጓደኞቹ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አስደናቂ ነገር ገለጡ፡፡ በ2003 ደግሞ ዙዶቭ፣ ዱ፣ ፋይፈርና ዌስት ይህንኑ አጸኑት፡፡ ነገሩም እንዲህ ነው፤ ጋልየም አርሰናይድና አሉሚኒየም ያለበት ጋልየም አርሰናይድ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ኤሌክትሮኖች ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄዱ ተከልክለው፣ እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ ስፍራ ብቻ ይመላለሳሉ፡፡ ይህንን ናሙና ወደ 1 ኬልቪን ያህል አቀዝቅዘው፣ ደካማ የማግኔት ኃይል አድርገውበት፣ ማይክሮዌቭ ሲልኩበት፣ በኤሌክትሪኩ ጉዞ አቅጣጫ የሚለካው ሬዚስታንስ ከፍና ዝቅ እያለ ይወዛወዛል፤ በአንዳንድ የማግኔት ልክም ጨርሶ ይጠፋል፡፡ ስለዚህ «የዜሮ ሬዚስታንስ ሁኔታ» የሚል ስም ወጣለት፡፡

እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንተቸው ሙከራውን አይደለም፤ እርሱስ ተደግሞ የጸና ነው፡፡ የምንተቸው ስሙንና፣ ስሙ በአንባቢው አሳብ ውስጥ የሚያስከትለውን ነው፡፡ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ስም ያወጣው ግን ቮልትሜትር ነው፡፡

አንድ ተማሪ «ዜሮ ሬዚስታንስ» ሲባል ቢሰማ ሁለት ነገሮች ትዝ ይሉታል፡፡ አንደኛው በ1911 ካመርሊንግ ኦነስ በሜርኩሪ ላይ ያገኘው ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ነው፤ ሁለተኛው በ1980 ፎን ክሊትዚንግ ያገኘው የኳንተም ሆል ውጤት ነው፡፡ የምንናገርለት ነገር ከሁለቱም ይለያል፡፡ በኳንተም ሆል ጊዜ የጉዞው ሬዚስታንስ ሲጠፋ የሆል ሬዚስታንስ እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆማል፤ በዚህ ግን ደረጃ ሳይሠራ ከማግኔቱ ኃይል ጋራ ማደጉን ይቀጥላል፡፡ ሱፐርኮንዳክተርም ከውጭ ምንም ሳይቀበል በገዛ ራሱ ጸንቶ የሚኖር ሲሆን፣ ይህ ግን ማይክሮዌቩ በጠፋ ጊዜ አብሮ ይጠፋል፡፡

ከዚህም ሌላ፣ በዚያው በ2003 በቀለበት ቅርጽ በተሠራ ናሙና ላይ ሲመረመር፣ ዜሮ ሆኖ የተገኘው ሬዚስታንስ ሳይሆን ኮንዳክታንስ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ ከመካከል ወደ ዳር አያልፍም ማለት ነው፡፡ በማግኔት ውስጥ ሁለቱ አብረው ሊጠፉ መቻላቸው የታወቀ ሕግ ነው፡፡ ነገር ግን ስም አውጪው በመጀመሪያ ያየው ቀለበቱን ቢሆን ኖሮ «ፍጹም ከልካይ» ሊለው ይችል ነበር፡፡ በናሙናው ቅርጽ የሚለዋወጥ ስም የነገሩን ባሕርይ ገለጠ ለማለት ያስቸግራል፡፡

አሁን ወደ ምክንያቱ እንለፍ፡፡ ውዝዋዜው የሚመራው በሁለት ቍጥሮች ንጽጽር ነው፤ አንደኛው ማይክሮዌቩ በሴኮንድ የሚመላለስበት፣ ሁለተኛው ኤሌክትሮኑ በማግኔቱ ውስጥ በሴኮንድ የሚዞርበት ነው፡፡ ማይክሮዌቩ በሴኮንድ 100 ቢሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ቢሆን፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ0.24 ቴስላ ገደማ ነው፡፡ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ውጤቱ ከሙሉ ቍጥር ጥቂት ቢበልጥ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፤ ጥቂት ቢያንስ ይወጣል፡፡ ሪዢ ገና በ1970፣ ጨረር የተቀበለ ኤሌክትሮን ከእንከን ጋራ ሲጋጭ ወደ ተቃራኒው ወገን ሊገፋ፣ ኮንዳክቲቪቲውም ከዜሮ በታች ሊወርድ እንደሚችል አመልክቶ ነበር፡፡ በ2003 ዱርስትና ጓደኞቹ ይህንን የመሰለ አሳብ ለአዲሱ ሙከራ አዋሉት፡፡ በዚያው ዓመት አንድሬየቭ፣ አላይነርና ሚሊስ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ሬዚስታንስ ሊጸና እንደማይችል፣ ኤሌክትሪኩም በተቃራኒ አቅጣጫ በሚፈስባቸው ክፍሎች፣ ማለት በዶሜይኖች፣ እንደሚከፈል፣ በውጭ የሚነበበው ዜሮም ከዚሁ የሚመጣ መሆኑን አስረዱ፡፡

የገበያ ሚዛን ባዶውን ሲሆንም ቀጥ ይላል፤ በሁለቱም ወገን እኩል ሸክም ሲኖርበትም ቀጥ ይላል፡፡ መርፌውን ብቻ የሚመለከት ሰው ግን ልዩነቱን አያውቅም፡፡ ሱፐርኮንዳክተር ባዶ ሚዛን ነው፤ ይህ ግን የተጫነ ሚዛን ነው፡፡

ለዚህ ትርጓሜ ምስክር አለው፡፡ በ2011 ዶሮዥኪንና ጓደኞቹ፣ ማይክሮዌቭ በበራበት ናሙና ውስጥ ቮልቴጁ በድንገት ከአንዱ ልክ ወደ ሌላው ሲዘል አይተው፣ የዶሜይኖች መገለባበጥ መሆኑን ተናግረዋል፡፡ ሆኖም ተቺ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሊያደላ አይገባውም፡፡ እንደ እነዚህ ትርጓሜዎች ከሆነ ክብ ፖላራይዜሽን ያለው ማይክሮዌቭ ወደ ቀኝ ሲዞርና ወደ ግራ ሲዞር ውጤቱ ሊለያይ ይገባ ነበር፤ በ2005 ስሜትና ጓደኞቹ ሲሞክሩት ግን ልዩነት አላገኙም፡፡ ስለዚህም ሚኻይሎቭን የመሰሉ ሊቃውንት ምክንያቱን ብረቱ ከናሙናው ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ፈለጉት፡፡ ይህም ቢሆን ፈተና አለበት፤ በ2010 ኮንስታንቲኖቭና ኮኖ፣ በፈሳሽ ሂሊየም ላይ በተንሳፈፉና ምንም ብረት በማይነካቸው ኤሌክትሮኖች ላይ፣ አቀሰቃሰሱ ቢለይም ይህንን የሚመስል መጥፋት አግኝተዋል፡፡

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፡፡ ዜሮ የመሣሪያ ንባብ እንጂ ምክንያት አይደለም፡፡ ውጤቱን የሚገልጥ ሁሉ፣ ዜሮው በየትኞቹ ነጥቦች መካከልና በምን ቅርጽ ናሙና ላይ እንደ ተነበበ፣ ማይክሮዌቩም ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ ከስሙ ጋራ አብሮ ቢናገር፣ ባዶውን ሚዛን ከተጫነው ለመለየት ያስችለናል፡፡ በክፍል ውስጥም ይህ ጠባይ ከሱፐርኮንዳክቲቪቲ ጎን ተሰልፎ ከሚሰጥ ይልቅ፣ ከውጭ ኃይል እየተቀበሉ ከሚኖሩ ነገሮች ጋራ ቢመደብ ተማሪው ከስሙ ይልቅ ነገሩን ይማራል፡፡