«እኔ አብሬው አልነበርኩም»

በአብራሪዎች ዘንድ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ተማሪው ብቻውን ሲበር («ሶሎ» ይሉታል) ቢሳሳት ተጠያቂው ማን ነው? ያለ ፈቃድ ማኮብኮቢያው ውስጥ ቢገባ፣ የተከለከለ የአየር ክልል ውስጥ ዘው ቢል፣ ሲያርፍ ጎማውን ቢሰብር፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን ነው? መሪውን ወደያዘው ልጅ ወይስ መሬት ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ወደሚያየው አስተማሪ?

እኔ አብራሪ አይደለሁም። እንዲያውም አውሮፕላን ስሳፈር መስኮት አጠገብ መቀመጥ አልወድም። ግን ይሄ ክርክር የአብራሪዎች ብቻ አይመስለኝም።

የአሜሪካኖቹ ሕግ ነገሩን ከሁለት በኩል ነው ያሰረው። አውሮፕላኑን ብቻውን የያዘ ሰው፣ ተማሪም ቢሆን፣ የዚያ በረራ አዛዥ እሱ ነው። በቀጥታ ተጠያቂውም እሱ፣ የመጨረሻው ወሳኝም እሱ። «ተማሪ እኮ ነኝ» ቢል አይድንም። በሌላ በኩል ግን ያ ልጅ ያለ አስተማሪው ፊርማ ከመሬት ንቅንቅ አይልም። ፊርማው ደግሞ እንደኛ ማኅተም የዕድሜ ልክ አይደለም፤ 90 ቀን ካለፈው ዋጋ የለውም። አስተማሪው ከመፈረሙ በፊት ተማሪውን በጽሑፍ ይፈትነዋል፤ የሳታቸውን ጥያቄዎችም በሙሉ አብሮት ቁጭ ብሎ ማየት ግዴታው ነው። «ሰባ ከመቶ አምጥተሃል፣ በርታ!» ብሎ መሸኘት የለም። ሰው የሚገድለው የቀረው ሠላሳው ነዋ! ለሶሎ የፈረመላቸውን ተማሪዎች ስምም ለ3 ዓመት መዝግቦ ያቆያል።

እንግዲህ ለአስተማሪው የሚቀርበው ትክክለኛ ጥያቄ «ተማሪህ ለምን ተሳሳተ?» አይደለም። «ስትፈርም ምን አይተህ ነበር?» ነው። ልጁ በደንብ ተምሮ፣ በደንብ ተፈትኖ፣ በእጮኛው ቤት ጣሪያ ላይ ዝቅ ብዬ ልብረር ብሎ ጉድ ከሠራ፣ አስተማሪው ምን ያድርግ? ጥጋብን ማን በፊርማ ይከለክላል? ነገር ግን ማረፍ ሲያቅተው እንደገና ተነስቶ መዞርን በቅጡ ሳያለማምደው ፈርሞ ከላከው፣ «እኔ አብሬው አልነበርኩም» መልስ አይሆንም። ወዳጄ፣ አብረኸው እንዳትኖር የወሰንከው አንተ ራስህ ነህ!

ደስ የሚል ልማድ አላቸው። ተማሪው የመጀመሪያ ሶሎውን በሰላም ጨርሶ ሲወርድ፣ አስተማሪው የሸሚዙን ጀርባ በመቀስ ይቆርጥለታል። ጥንት አውሮፕላኖቹ ሬዲዮ ሳይኖራቸው ተማሪው ከፊት፣ አስተማሪው ከኋላ ይቀመጡ ነበር አሉ። አስተማሪው አንድ ነገር መናገር ሲፈልግ የልጁን ሸሚዝ ይጎትታል። እና መቁረጡ «ከእንግዲህ የምጎትተው የለኝም» ማለት ነው። ሸሚዙን የሚቆርጠው እንግዲህ ያው የፈረመው ሰው ነው።

ተጠያቂነትን ፈርቶ ተማሪውን ጨርሶ የማይለቀውን አስተማሪም አላመሰግነውም። ልጁ የደረሰበትን እያወቀ «ትንሽ ይቆይ» እያለ በየሰዓቱ ገንዘቡን የሚያስጨርሰው ጠንቃቃ ሳይሆን ፈሪ ነው። ብቻውን ያልበረረ ሰው መቼም አብራሪ አይሆንም።

ኢትዮጵያ በ1944 (እ.ኤ.አ.) የቺካጎውን የአቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። ከዚያ ስምምነት የመነጨው ዓለም አቀፍ ደንብም ተማሪ አብራሪ ያለ አስተማሪ ፈቃድ ወይም ክትትል ብቻውን አይብረር ይላል። ሰማዩስ ደህና ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ምድሩ ነው። ተለማማጁን ሐኪም የሌሊት ተረኛ አድርጎ፣ ስልኩን ዘግቶ የሚተኛው ነባር ሐኪም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ገልጦ ሳያይ «አጽድቄያለሁ» ብሎ የሚፈርመው አማካሪ፤ ተርሚናል ውስጥ «እስኪ ወደ ፊት ጠጋ አድርጋት» ብሎ ሚኒባሱን ለረዳቱ የሚሰጠው ሹፌር። ሁሉም ቀን ሲከፋ የሚመልሱት አንድ ነው፤ «እኔ አብሬው አልነበርኩም»።

አንድ የማውቀው ልጅ መንጃ ፈቃድ ያወጣው አንዲት ቀን እንኳ ዳገት ላይ ቆሞ ሳይነሳ ነው። ማሠልጠኛው ሰዓቱ ሞልቷል ብሎ ፈረመለት። በሳምንቱ ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተበትና የሰው አጥር ገጨ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የልጁን ስም፣ የታርጋውን ቁጥር፣ የአጥሩን ባለቤት ስም ጻፈ። ማን እንዳስተማረው የጠየቀ ግን አልነበረም።