«ጆምሁሪዬ ኤስላሚ»፤ ፓርቲው ካለፈ በኋላ የቀረ ልሳን

የፓርቲ ጋዜጣን ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ስለ ስሙ ቢጠይቅ፥ ከርእሰ አንቀጹ የማያንስ ነገር ያገኛል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. የኢራን ንጉሣዊ መንግሥት እንደ ወደቀ፥ ቤሄሽቲ፥ ራፍሳንጃኒ፥ ኻሜኔይና ሌሎችም የሃይማኖት ሊቃውንት የእስላማዊ ሪፐብሊክ ፓርቲን አቋቋሙ። የፓርቲው ልሳን የሆነው የፋርስኛ ዕለታዊ ጋዜጣም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መታተም ጀመረ፤ ዋና አዘጋጁ ሚር ሆሴን ሙሳቪ ነበሩ።

ጋዜጣው ከፓርቲው ስም «ፓርቲ» የሚለውን ቃል ትቶ «እስላማዊ ሪፐብሊክ» ብቻ ተባለ። ይህ ስም ደግሞ ከሁለት ወር በፊት በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የመንግሥቱ ስም ነው። ስለዚህ ልሳኑን የነቀፈ መንግሥቱን የነቀፈ መስሎ ይታያል። ለእኔ የጋዜጣው ዐቢይ ጕድለት ይህ ነው፤ የአንድ ወገን አሳብ የሁሉ አሳብ ሆኖ ይቀርባል። በ1980 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ባኒሳድርም «ኤንቄላቤ ኤስላሚ» ማለት «እስላማዊ አብዮት» የተባለ የራሳቸው ጋዜጣ ነበራቸው። ክርክሩ ግን የሁለት ጋዜጦች ክርክር ሆኖ አልቀረም፤ በሰኔ 1981 ዓ.ም. የባኒሳድር ጋዜጣ ተዘጋ፤ እርሳቸውም በዚያው ወር ከሥልጣን ተሻሩ።

ለባህል መርማሪ ከወሬው ይልቅ ቃላቱ ይጠቅማሉ። የወደቀው የሻህ አገዛዝ በአብዮተኞቹ አፍ «ጣጉት» ይባል ነበር። ቃሉ የቁርኣን ነው፤ ከቋንቋ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ከግእዙ «ጣዖት» የመጣ ነው ይላሉ፤ ለእኛ አንባቢ ስድቡ እንግዳ አይሆንም። ድኻው ወገን ደግሞ «ሞስታዝአፊን» ተባለ፤ ይህም ከቁርኣን የተወሰደ ሲሆን ግራ ዘመሞች «የተጨቈነ መደብ» የሚሉትን ቦታ ያዘ።

የ1981ዱም አደጋ እንዲሁ ነው። ሰኔ 21 ቀን በፓርቲው ጽሕፈት ቤት ቦምብ ፈንድቶ ቤሄሽቲና ከሰባ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሟቾቹ የሚታሰቡት «ሰባ ሁለቱ» እየተባሉ ነው፤ 72 በከርበላ ከኢማም ሑሴን ጋር ወደቁ የሚባሉት ሰማዕታት ቍጥር ነው። ስለ ቈጠራው ትክክለኛነት መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ የፓርቲ ሐዘን በአንድ ቍጥር ብቻ የሺዓ ሕዝብ ሁሉ ሐዘን እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ከመቶ ርእሰ አንቀጽ ይህ የበለጠ ሠርቷል።

ፓርቲው በውስጡ በተነሣ መከፋፈል ምክንያት በ1987 ዓ.ም. በመሪዎቹ ጥያቄና በኾሜይኒ ፈቃድ ፈረሰ። ጋዜጣው ግን ከዚያም በኋላ መታተሙን ቀጠለ፤ በስሙ ውስጥ የሚፋቅ ቃል አልነበረምና። ሙሳቪ እስከ 1989 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከሠሩ በኋላ፥ የ2009ኙን ምርጫ ውጤት ተቃውመው በ2011 ዓ.ም. በቤታቸው ታገቱ።

ወደዚህ ጥናት የሚገባ ተማሪ ጋዜጣውን ለብቻው ባያነበው እመክራለሁ። ከ1979 እስከ 1981 የወጡትን እትሞች ከባኒሳድር ጋዜጣ ጋር ቀን በቀን ያስተያይ፤ ሁለቱም «እስላማዊ» የሚለውን ቃል በምን በምን ስፍራ እንደሚያውሉት ይመዝግብ።