«ዱቄት» ሲሉ የትኛውን ነው?

ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከፓስፖርቴ ኮፒ ጋር፣ አንድ ፌስታል አለ። እናቴ ከጋዜጣና ከመጽሔት የባልትና ገጽ በመቀስ እየቆረጠች የሰበሰበቻቸው የምግብ አሠራሮች ናቸው፤ ቤይሩት ከመጣሁ በኋላ ደግሞ እኔ ጨምሬበታለሁ። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ፌስታል እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰሞኑን የኔን አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩት። የሚታመነውንና የማይታመነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምስጋናው። የድሮዎቹን ቁራጮች የጻፈቻቸው እጇ ሊጥ የነካ ሴት ናት። የእንጀራውን ውሰዱ። ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ እንደሚደፋ፣ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት እንደሚሠራ፣ በረድ ሲል ተመልሶ እንደሚቀላቀል፣ ኩፍ እስኪል እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል ይናገራል። ሰዓት አይጠቅስም፤ ልክም ነው። የአገር ቤት ሦስት ቀንና የቤይሩት የነሐሴ ሙቀት አንድ አይደሉም። ዓይንሽንና አፍንጫሽን እመኚ የሚል ጽሑፍ ለኛ ይሻለናል።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። እነዚህ ወረቀቶች እናትሽ አጠገብሽ ቆማለች ብለው ነው የሚያስቡት። «በቂ ቅቤ»፣ «እንዳስፈላጊነቱ ዱቄት» ይላሉ። የሾርባ ማወፈሪያውም፣ የቂጣውም፣ የበዓሉ ዳቦም «ዱቄት» ነው። የቱ ዱቄት? እናቴ ስላለች አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

የዚህን ቃል ዋጋ ያወቅኩት በሰው ልጅ ላይ ነው። የምሠራበት ቤት ትንሿ ልጅ ሲሊያክ የሚባል ሕመም አለባት። እዚህ አብዛኛው ሰው «ሐሳሲየት ቀምሕ»፣ የስንዴ አለርጂ፣ ይለዋል። ነገሩ ግን ከአለርጂ ይለያል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ ሲገባ ሰውነቷ የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል። መፍትሔው ዕድሜ ልክ አለመብላት ነው። እኔ ደግሞ ፌስታሌ ውስጥ «ጤፍ ግሉተን የለውም» የሚል ቁራጭ ነበረኝ። ደስ ብሎኝ፣ አንድ እሑድ ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን እንጀራ በምስር ወጥ አጎረስኳት። ወደደችው። ሌሊቱን ሆዷን ይዛ ስታለቅስ አደረች፣ ሁለት ቀን አስመለሳት። ማዳም አልጮኸችም። ዝም ብላ አየችኝ፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ሱቁ ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ ሳቀ፦ «በዚህ ዋጋ ንጹህ ጤፍ? ግማሹ ፉርኖ ነው እንጂ!»

ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሳልጠይቅ ነው ያጎረስኳት። ቁራጩም አልዋሸም፤ ጤፍ በእርግጥ ግሉተን የለውም። ግን ጤፍ ሌላ፣ ስደት ላይ የምንበላው እንጀራ ሌላ መሆኑን አልነገረኝም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ለውጭ ገበያ እንዳይሸጥ ከለከለች። በውጭ ያለነውም በፉርኖ፣ በሩዝ፣ በገብስ፣ በተገኘው እያቀላቀልን ጋገርን። ብልሃታችን ነው፣ አላፍርበትም። ለዚያች ልጅ ግን አይሆንም። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ በኮዴክስ፣ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነጻ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ግሉተን ማለፍ የለበትም። ይህ በጣት ተቆንጥሮ የማይያዝ ነው። ስንዴ የፈጨ ወፍጮ ወይም ፉርኖ የነካው ምጣድ ሊያበላሸው ይችላል። «ትንሽ ናት፣ ምንም አትል» የሚባል ነገር የለም።

አዲሶቹስ? ማዳም ከአረብኛ መጽሔት የቆረጠቻቸው አሉኝ፤ ማንበብ ስለማልችል እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። እነዚህ ዱቄቱን በስሙ ይጠራሉ፣ በግራም ይለካሉ። ለዚህ አደንቃቸዋለሁ። ግን የአልሞንድ ዱቄትና ዛንታን ጋም ካልተገዛ አይነሱም። ደግሞም ሁሉም አስመሳይ ናቸው፦ ዳቦ የሚመስል፣ ኬክ የሚመስል። ልጅቷም እያንዳንዱን ስትቀምስ የቀረባትን ታስታውሳለች።

ከፌስታሌ የምመርጠው የልጅቷ አያት፣ የተታ፣ ያረጀ ወረቀት ነው፦ መግሊ። የሩዝ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቀረፋና ካራዊያ በውሃ ተበጥብጦ፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ እስኪወፍር ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ ለውዝና ኮኮናት ከላይ ይደረግበታል። ልጅ ሲወለድ ለጠያቂ የሚቀርብ ነው፣ እኛ አራስ ጥየቃ ሄደን ገንፎ እንደምንበላው። «ከግሉተን ነጻ» የሚል ቃል የለበትም። ማንንም አይመስልም፤ ራሱን ነው። ሠራሁላት፣ ሳህኑን ጠርጋ በላች።

የኛም ቤት እንዲህ ያለ ሞልቷል፦ የቡላ ገንፎ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ወፍጮው ንጹህ ከሆነ ሽሮ። በሶ ግን ገብስ ነው። ቂንጬም፣ እዚህ አገር ቡርጉልና ፍሪኬ የሚሉትም ስንዴ ናቸው።

አሁን በእናቴ ቁራጮች ላይ «ዱቄት» ከሚለው አጠገብ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ ነው፦ ፉርኖ፣ ጤፍ፣ በቆሎ። እናቴን በስልክ እየጠየቅኩ፤ እሷም «ይሄ ይጠፋሻል?» እያለች ትስቃለች። እህቶቼ፣ ለዚህ መጽሔት የምግብ አሠራር ስትልኩ ቅቤውን እንደፈለጋችሁ ተዉት። ዱቄቱን ግን በስሙ ጥሩልን።