የተሟጋች ፊት

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዶሚዬ ከ1845 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. የፓሪስን ጠበቆች በድንጋይ ኅትመት እየሣለ ሻሪቫሪ በተባለው ጋዜጣ አወጣቸው። አፋቸውን ከፍተው፣ ካባቸውን እያንዘረፈፉ! አይተን ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ ግን ቀናን፤ የተቀለደበት ሰው እንኳ መልኩ ተርፎለታላ።

በእኛ ዘንድ መልኩ የሚሣልለት በአመዛኙ ንጉሥና ደብር አሠሪ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በናርጋ ሥላሴ ከማርያም እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ሥዕሉ ውብ ነው፣ አንክድም። ታዲያ በ1960 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ብሎ ሲነሣ ከፊት ቆመው አቤት ያሉለት ሰዎችስ መልካቸው የት ተሰቀለ? በተማርንባቸው ክፍሎች ግድግዳ ላይ አላየናቸውም።

ሠዓሊ ጓደኞቻችን ይሣሏቸው እንጂ። ሐውልት ግን አያስመስሏቸው፤ ጣታቸው ተቀስሮ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ይሁን። ቀልድም ይግባበት፤ ብቻ ተደፍተው አይሣሉ።